መዝሙሩን በቃሉ ይዟል፤ ጥርሱን ግን አያስነካም



ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት እናት ስልክ ደወለችልኝ። የአራት ዓመት ልጅ አላት። ልጁ የሚማርበት አጸደ ሕፃናት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለ ጥርስ አቦራረሽ የሚያስተምር ቪዲዮ ልኮ «ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው» ብሏል። እሷም አሳየችው፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። «ሲስተር፣ መዝሙሩን ከነእንቅስቃሴው በቃሉ ይዞታል፤ እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ይዘምራል። ብሩሹን ሳመጣ ግን አፉን ግጥም አድርጎ ይሸሻል። ቪዲዮውን ካልከፈትሽልኝ አላስነካም ይለኛል። ስከፍትለት ደግሞ ብሩሹን አፉ ውስጥ ሰክቶ ስልኩ ላይ ያፈጣል። ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ይህ የእሷ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ ስልክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ብዙ አጸደ ሕፃናትም በየክፍሉ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። የጥርስ ንጽሕናን በቪዲዮ ማስተማር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቪዲዮው የቱ ላይ እንደሚጠቅምና የቱ ላይ የወላጅ እጅ እንደሚያስፈልግ ካልለየን፣ ልጁ ዘፋኝ ይሆናል፤ ጥርሱም መበስበሱን ይቀጥላል። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፌን ለዚሁ ጉዳይ አድርጌዋለሁ።

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» አትበሉ

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል ቢኖር ይህ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ሲሆነው ሁሉም በቅለው ያልቃሉ። የፊት ጥርሶች ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ መውለቅ ይጀምራሉ። የኋላ የወተት መንጋጋዎች ግን የሚወልቁት ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። እንግዲህ በአራት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ፣ በዚያ መንጋጋ ገና ስድስት ወይም ስምንት ዓመት እህል ሊያኝክበት ነው።

ጥርሱ የሚያመው ልጅ በአንድ ጎኑ ያኝካል፣ ጠንከር ያለ ምግብ ይጠላል፣ ሌሊት እየተነሣ ያለቅሳል፣ ቀን ይነጫነጫል። ሕመሙን በቃላት ማስረዳት ስለማይችል «አመለኛ ሆነ» ይባላል። መንጋጋው ያለ ጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ያጣና ተጣሞ ይበቅላል።

የወተት ጥርስን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር ነው። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ያልበቀለውን ጥርስ ከድድ ውስጥ በስለት ማውጣት፣ ግግ ማስቧጠጥ የሚባለው ጎጂ ልማድ፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ድርጊቱ ደም ያፈሳል፣ ለበሽታ ያጋልጣል፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ከጥርሱ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው ያለባችሁ።

ልጅ ከስክሪን ምን ይማራል?

ልጅን በስክሪን ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ዘመን ሰዎች አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ዝግጅት ከቀጭኔዋ ፀሐይ ጋር አድገዋል። ልጅ የሚወደውንና የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ ይሰማል፤ የሚያደርገውንም ለማድረግ ይሞክራል። ግን አንድ ልዩነት አለ። ያኔ ቴሌቪዥኑ አንድ ነበርና ቤተሰቡ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ፣ አብረው ተቀምጠው ያዩ ነበር። ትልቁ ለትንሹ ያብራራል፤ እናት ትጠይቃለች። ዛሬ ልጁ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ብቻውን ነው።

ቪዲዮ ጎበዝ የሆነባቸው ነገሮች አሉ። ሌላ ልጅ ሳይፈራ አፉን ሲከፍት ያሳያል። ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ከላይ፣ ከታች፣ ከውጭ፣ ከውስጥ የሚለውን፣ በዜማ ያስይዛል። ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ያሳውቃል። የማይችለው ነገርም አለ። ብሩሹ የኋለኛው መንጋጋ ጋ መድረሱን አያይም። የልጁን እጅ ይዞ አያቃናም።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድን ድርጊት ከስክሪን ከሚያይ ይልቅ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠ ሰው ቢያይ በተሻለ ይማራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስም ይመረጣል ይላል። የጥርሱም ትምህርት የሚቆጠረው ከዚሁ ሰዓት ላይ ነው።

ሌላው የእጅ ጉዳይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ብሩሽ መያዝ ይችላል፤ የድዱን ጠርዝና የመንጋጋውን ጀርባ አጣርቶ ማጽዳት ግን አይችልም። ይህ ችሎታ የሚመጣው በሰባትና በስምንት ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ ይጀምራል፣ ወላጅ ይጨርሳል።

ቪዲዮ ስትመርጡ

ስልኩን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ቪዲዮውን ራሳችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ቋንቋው። ልጁ ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚዘምር ልጅ ያስደስተን ይሆናል፤ «ከውስጥ በኩል» የሚለውን ካልተረዳ ግን ከውስጥ በኩል አይቦርሽም።

ሁለተኛ፣ ርዝመቱ። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከመቦረሻው ሰዓት ጋር ይመጣጠናል፤ የልጁንም ትዕግሥት አይጨርስም።

ሦስተኛ፣ የጥርስ ሳሙናው መጠን። በማስታወቂያዎችና በብዙ የካርቱን ፊልሞች ላይ ሳሙናው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ታያላችሁ። ይህ ለልጅ አይሆንም። ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ታህል ብቻ ነው። ሳሙናውን የሚያደርገውም ትልቅ ሰው ይሁን። ብዙዎቻችን በደፈናው ኮልጌት የምንለውን የጥርስ ሳሙና ስትገዙ በቱቦው ላይ የፍሎራይድ መጠኑን አንብቡ፤ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ይሁን።

አራተኛ፣ ማስፈራሪያው። አንዳንዱ ቪዲዮ ጀርሞችን መጥረቢያና መዶሻ የያዙ ጭራቆች አድርጎ ያሳያል። እኛም ቤት ውስጥ «ካልቦረሽክ ትል ይበላሃል» እንላለን። ጥርስን የሚበላ ትል የለም። አፍ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ከምንበላው ስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ለልጁ «ጣፋጭ ስትበላ ጥርስህ ላይ ይቀራል፤ እናጥበው» ማለት ይበቃል። የፈራ ልጅ አፉን አይከፍትም።

አምስተኛ፣ አጨራረሱ። ብዙ ቪዲዮ ልጁ በብርጭቆ ውሃ ደጋግሞ ሲጉመጠመጥ ያሳያል። እኛም በልማዳችን እንዲሁ እናደርጋለን። ትክክለኛው ግን አረፋውን እንትፍ ብሎ መተው ነው። በብዙ ውሃ ከተጉመጠመጠ ጥርሱን እንዲያጠነክር የተቀባው ፍሎራይድ አብሮ ይሄዳል። በፈረቃ ውሃ ለምንጠቀም ሰዎች ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ብሩሹን ለማጠብ ግማሽ ኩባያ ውሃ በቂ ነው። ቧንቧው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲፈስ የሚያሳይ ቪዲዮ ካያችሁ ለልጁ «እኛ ቤት እንዲህ አናደርግም» በሉት።

ስድስተኛ፣ ቀጥሎ የሚመጣው። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ ይከፍታል፤ ከጥርስ ተነሥቶ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የኢንተርኔት ጥቅላችሁም ይተርፋል።

ከስልኩ ወደ ብሩሹ

አሁን ወደ ጥያቄው ልግባ። ልጁ ያለ ቪዲዮ አልቦርሽም ካለ፣ ቪዲዮው ማባበያ ሆኗል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ መንጠቅ ጠብ ያመጣል። ደረጃ በደረጃ እናውጣው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ቀናት ቪዲዮውን ቀን ላይ፣ ብሩሽ በሌለበት ሰዓት፣ አብራችሁ እዩ። አንድ ጊዜ ብቻ። እያስቆማችሁ ጠይቁት። «አሁን የትኛውን ጥርስ ነው የቦረሸው? የአንተስ የት አለ?» ጣቱን ወደ አፉ ይውሰድ። ከዚያ አሻንጉሊት ካለው የአሻንጉሊቱን፣ ከሌለው የእናንተን ጥርስ ይቦርሽ። የአባቱን አፍ እንዲያጸዳ የተፈቀደለት ልጅ ሥራውን ምን ያህል በቁም ነገር እንደሚይዘው ታያላችሁ።

በሚቀጥሉት ቀናት በመቦረሻው ሰዓት ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ ድምፁን ብቻ ክፈቱ። ዜማው አለ፤ የሚያፈጥበት ምስል ግን የለም። ዓይኑ ወደ መስታወቱ ወይም ወደ እናንተ ይመለሳል።

በሦስተኛው ደረጃ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ መዝሙሩን እናንተ ዘምሩ። ድምፄ አያምርም አትበሉ፤ ልጅ ያንን አይለይም። ሲሰለቸው ጥርሶቹን እየቆጠራችሁ ቦርሹለት። አሥር ከላይ፣ አሥር ከታች። ቁጥርም ይማርበታል።

አያያዙን ልንገራችሁ። ትንሹን ልጅ አስተኙትና ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፤ አፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያችኋል። ከፍ ያለውን ከኋላው ቆማችሁ፣ አገጩን በአንድ እጅ ደገፍ አድርጋችሁ መስታወት ፊት ቦርሹለት። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ይሁን። ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ አስጠግታችሁ በትንንሽ ክብ አሽከርክሩ፤ የመንጋጋውን ማኘኪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አድርጉ። መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ እናንተ። ብሩሽ አፉ ውስጥ አድርጎ እንዲሮጥ አትፍቀዱ፤ ቢወድቅ ጉሮሮውን ሊወጋው ይችላል።

በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከሁለቱ የማትተዉት የማታው ይሁን። ስንተኛ ምራቃችን ስለሚቀንስ ጥርስ ላይ የቀረው ስኳር ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን ይሠራል። ከቦረሸ በኋላ እስከ ጠዋት ውሃ ብቻ ነው። ጣፋጭ ወተት የያዘ ጡጦ ከንፈሩ ላይ እያለ የሚያንቀላፋ ሕፃን ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል።

ብሩሽ በማይገኝበት አካባቢ መፋቂያው አለ። ከወይራ ወይም ከልምጭ የተቆረጠ፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ የለሰለሰ ከሆነ ቆሻሻውን ያነሣል። ለትንሽ ልጅ ግን በትልቅ ሰው እጅ፣ ልጁ ተቀምጦ እያለ ይሁን።

ራሳችሁ ቅረጹ

ከሁሉም ቪዲዮ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ታላቅ እህቱ ስትቦርሽ በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ወይም አያቱ። ልጁ የሚያውቀው ፊት ነው፤ የሚያውቀው ኩባያ፣ የሚያውቀው መታጠቢያ ነው። «እንትፍ» ሲባል የእናቱን ድምፅ ይሰማል። በዚህ ቪዲዮ ላይ የሳሙናውን መጠን፣ የኋለኛውን መንጋጋ፣ አተፋፉን በትክክል ማሳየት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ሄዳ ልጇን ለእናቷ የተወች ሴት ብዙ ናት። በኢሞ ስትደውል ሁልጊዜ «በላህ? ተማርክ?» ብቻ ከምትል፣ እሷም ብሩሿን ይዛ ከልጇ ጋር ሁለት ደቂቃ ብትቦርሽ ለጥርሱም ለሆዱም ይበጃል። አያት ደግሞ ከጎኑ ሆነው ይጨርሱለታል።

አንድ ማሳሰቢያ። የቀረጻችሁት ለቤታችሁ ነው። የልጃችሁን ፊት ቲክቶክ ላይ አትለጥፉት።

ለመምህራን

አጸደ ሕፃናት ውስጥ ቪዲዮ ከፍቶ አርባ ልጅ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ሁለት ደቂቃ አሳይታችሁ ስምንት ደቂቃ ብታሠሯቸው ግን ይበልጣል። ትልቅ የጥርስ ሞዴል ባይኖር የእንቁላል መያዣ ካርቶን ገልብጣችሁ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ጉብታዎቹ መንጋጋ ይመስላሉ። በጉብታዎቹ መሐል ጭቃ አድርጉና ልጆቹ በአሮጌ ብሩሽ ያጽዱት። ክፍል ውስጥ የሚያስቦርሽ ትምህርት ቤት ካለ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ብሩሾቹ ሳይነካኩ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ አየር በሚያገኙበት ይቀመጡ።

ከዚህ ጋር የማይሄድ አንድ ልማድ አለ። ስለ ጥርስ በተማሩበት ክፍል ጥያቄ የመለሰ ልጅ ከረሜላ ይሸለማል። ልደት ሲሆን ኬክና ለስላሳ፣ በምሳ ዕቃው ውስጥ በየቀኑ ብስኩትና ጣፋጭ ጭማቂ። ልጅ የሚማረው ከምናሳየው ቪዲዮ ይልቅ ከምንሰጠው ነገር ነው። ሽልማቱ እርሳስ ወይም ኮከብ ይሁን። በምሳ ዕቃውም ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ዳቦ መክተት ይቻላል። ጣፋጭ ጨርሶ አይብላ አልልም፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ከሚልስ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ቢበላው ጉዳቱ ያንሳል።

በስምጥ ሸለቆ ላላችሁ ወላጆች

ውጭ አገር የተሠሩ ቪዲዮዎች የማያነሡት የእኛ ጉዳይ አለ። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃው ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በእነዚህ አካባቢዎች ከዚያ እጅግ የበለጠ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች አሉ። በልጅነቱ ይህን ውሃ ሲጠጣ ያደገ ሰው ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል።

ይህ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ልጁን «አትቦርሽም እንዴ?» ብላችሁ አታሸማቅቁት፤ በአመድ ወይም በአሸዋ አስፈግጋችሁም ሽፋኑን አትጨርሱት። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥርስ እንደ ወተት ነጭ ስለሆነ የራሱን ሲያይ የሚያፍር ልጅ አለ። «የአንተ ቀለም ከውሃው ነው፤ ንጹሕ ነው» ብላችሁ አስረዱት። በእነዚህ አካባቢዎች የሳሙናው መጠን ከአተር ፍሬ እንዳያልፍና ልጁ እንዳይውጠው ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ፤ የትኛው ሳሙና እንደሚስማማውም የጥርስ ሐኪም ጠይቁ። ከተቻለ ለትንንሽ ልጆች መጠጥና ማብሰያ ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ፈልጉ።

መማሩን በምን እናውቃለን?

መዝሙሩን በማወቁ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ብርሃን ባለበት፣ የላይኛውን ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ የፊት ጥርሶቹን ከድዱ ሥር ተመልከቱ። ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥራችሁን ሠርታችኋል። በድዱ ጠርዝ ላይ እንደ ጠመኔ የደበዘዘ ነጭ መስመር ካያችሁ መበስበስ እየጀመረ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ በፍሎራይድ ሳሙና በደንብ በመቦረሽና ጣፋጭ በመቀነስ ሊቆም ይችላል። ቡናማ ወይም የተቦረቦረ ካያችሁ፣ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ካለ፣ ወይም ጉንጩ ካበጠ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አረቄ ወይም አስፕሪን ጥርሱ ላይ አታድርጉ፤ ድዱን ያቃጥላል።

ስድስት ዓመት ሲጠጋው ደግሞ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አንድ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ምትክ የለውም። የፊት ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውረን እንደሰታለን፤ ይህኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ስለሚመጣ ብሩሹ እስከዚያ ድረስ መድረሱን የምታረጋግጡት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ጀምሩት። ሁለት ደቂቃ ነው።

እስከ ሳምንት ደህና ሁኑ።